በጊዜ የሚበስል ጥቁር ቢራ፦ የፖላንድ ባልቲክ ፖርተርና የአቀማመሱ ሥርዓት

በአብዛኛው ዓለም ቢራ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ወርቃማ ቀለም ያለው፣ ከ4 እስከ 5 በመቶ አልኮል የሚይዝ፣ በደንብ ቀዝቅዞ የሚቀርብና ከፋብሪካ ከወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ መጠጣት ያለበት መጠጥ ነው። በፖላንድም ከሚሸጠው ቢራ የሚበዛው ይኸው ዓይነት ሲሆን፣ ከጎኑ ግን በብዙ ረገድ ተቃራኒው የሆነ ሌላ የቢራ ወገን አለ፤ ይህ ወገን ቀለሙ ከጠቆረ ቡናማ እስከ ድፍን ጥቁር የሚደርስ፣ የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 በመቶ የሚሆን፣ በትንሽ በትንሹና በዝግታ የሚጠጣ፣ በጠርሙስ ተዘግቶ ለዓመታት ሲቀመጥም ጣዕሙን እየለወጠ የሚሄድ ነው። ዋነኛው ወኪሉ ባልቲክ ፖርተር የሚባለው ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዱ ደግሞ ኢምፔሪያል ስታውት ነው። ስታውት የሚለው ስም በሐረር ቢራ ፋብሪካ ሐኪም ስታውት ምክንያት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ኢምፔሪያል የሚለው ቅጽል ግን ከዚያ እጅግ የጠነከረውንና የከበደውን ዓይነት ያመለክታል።

የእነዚህ ቢራዎች ብርታት ብዙ ጊዜ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው የአልኮል መጠን ይለካል፤ ይህ መለኪያ ግን የነገሩን አንድ ገጽ ብቻ ያሳያል። አልኮሉ ራሱ የሁለት ነገሮች ውጤት ሲሆን፣ አንደኛው ጠማቂው ከመጀመሪያው ያስገባው የእህል ብዛት፣ ሁለተኛው ደግሞ ያ እህል ወደ መጠጥ እንዲለወጥና መጠጡም እንዲበስል የሰጠው ጊዜ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ቢራው ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ሊሆን ግን አይችልም። ስለዚህ የፖላንድን ጥቁርና ብርቱ ቢራ መቅመስ ማለት ከብርጭቆው ሽታና ጣዕም ተነሥቶ ጠማቂው በእህል ምርጫው፣ በእርሾው አያያዝና በትዕግሥቱ ያደረገውን ወደ ኋላ መከታተል ማለት ነው።

የእንግሊዝ መጠጥ የፖላንድ ቅርስ የሆነበት መንገድ

ፖርተር የተወለደው በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በለንደን ሲሆን፣ ስሙንም ያገኘው በከተማይቱ ጎዳናዎችና በወደቧ ሸክም ያመላልሱ ከነበሩት ደንበኞቹ፣ ማለትም ከተሸካሚዎቹ ነው። ቡናማ ከሆነ ብቅል ይጠመቅ የነበረው ይህ ቢራ በትላልቅ ጋኖች ለወራት እየተቀመጠ ይበስል ስለነበር ረጅም ጉዞ የሚችል መጠጥ ሆነ፤ የእንግሊዝ ነጋዴዎችም ከተለመደው የጠነከረውን ዓይነት በመርከብ እየጫኑ በባልቲክ ባሕር ዙሪያ ወዳሉ ወደቦችና በጊዜው የሩሲያ ዋና ከተማ ወደነበረችው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ይልኩት ጀመር። በዚያ ዘመን በሩሲያ ንግሥት በዳግማዊት ካትሪን ቤተ መንግሥት ሳይቀር ይጠጣ ስለነበር፣ ከፖርተር የወጣው እጅግ ጠንካራው የስታውት ዓይነት ኋላ ላይ ኢምፔሪያል፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥታዊ የሚል ማዕረግ አገኘ። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1806 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ ዕቃ ወደ አውሮፓ አህጉር እንዳይገባ ባወጀ ጊዜ ይህ ንግድ ተስተጓጐለ፤ መጠጡን የለመዱት የባልቲክ አካባቢ ሰዎችም በ19ኛው መቶ ዘመን ውስጥ እየዋሉ እያደሩ ፖርተርን በየአገራቸው መጥመቅ ያዙ።

በዚያው መቶ ዘመን ከደቡብ በኩል ሌላ ለውጥ መጣ። የባቫሪያና የቦሄሚያ ጠማቂዎች በቀዝቃዛ ቦታ በዝግታ የሚሠራና ሥራውን ሲጨርስ ከጋኑ ሥር የሚዘቅጥ እርሾ ይጠቀሙ የነበረ ሲሆን፣ በዚህ እርሾ የሚጠመቀው ላገር የሚባለው ቢራ በመካከለኛው አውሮፓ በፍጥነት ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1883 ደግሞ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለው ተመራማሪ በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህንን እርሾ ከሌሎች ለይቶ በንጽሕና ማራባት ስለቻለ፣ ቀዝቃዛው አጠማመቅ የበለጠ አስተማማኝ ሆነ። የባልቲክ አካባቢ ፋብሪካዎች ለላገር ብለው ያደራጁትን ማቀዝቀዣና እርሾ ለፖርተርም ስላዋሉት፣ በእህሉ እንግሊዛዊ፣ በእርሾው ግን ባቫሪያዊ የሆነ አዲስ መጠጥ ተፈጠረ። በአካባቢው በሞቃት እርሾ መጥመቁን የቀጠሉ ፋብሪካዎች ባይጠፉም፣ ዛሬ ባልቲክ ፖርተር የሚለው ስም በዋናነት የሚያመለክተው ይህንን ድብልቅ ነው።

ፖላንድ በዚህ ጊዜ በካርታ ላይ አልነበረችም፤ ከ1795 እስከ 1918 ድረስ ግዛቷ በሩሲያ፣ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተከፋፍሎ ነበር። ለዛሬው ፖርተር መሠረት የጣሉት ሁለት ታላላቅ ፋብሪካዎችም በኦስትሪያው ድርሻ የተቋቋሙ ናቸው፤ የኦኮቺም ፋብሪካ በ1845 በዮሐን ጎትስ፣ በካርፓቲያ ተራሮች ግርጌ የሚገኘው የዢቭየጽ ፋብሪካ ደግሞ በ1856 በአርክዱክ አልብሬክት ፍሪድሪክ ሀብስበርግ ተመሠረቱ። በዢቭየጽ ፖርተር መጠመቅ የጀመረው በ1881 ሲሆን፣ የአዘገጃጀቱ ቀመር ዩልዩሽ ቫግነር ከተባለው ዋና ጠማቂ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ይኸው ቢራ ሁለት የዓለም ጦርነቶችንና የሶሻሊስቱን ዘመን የመንግሥት ይዞታ አልፎ የዘለቀ ሲሆን፣ በ21ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጠመቃው በ1846 ወደ ተመሠረተውና በቼሺን ከተማ በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ወደሚገኘው አነስተኛ ፋብሪካ ተዛወረ።

አዲሶቹ ጠማቂዎችና አሮጌው ፖርተር

ከ1989 የሥርዓት ለውጥ በኋላ የፖላንድ ታላላቅ ፋብሪካዎች ወደ ውጭ ኩባንያዎች እጅ ሲገቡ፣ ዢቭየጽ የሄይኒከን፣ ኦኮቺም ደግሞ የካርልስበርግ አካል ሆኑ፤ ገበያውም በአንድ ዓይነት ነጣ ያለ ላገር ተጥለቀለቀ። በእነዚህ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ ፖርተር የትርፍ ምንጭ ሳይሆን የክብር ዕቃ ሆኖ በጥቂት መጠን መመረቱን ቀጠለ፤ ይህም በጊዜው ትርጉም የሌለው ቢመስልም፣ ዘሩ ሳይቋረጥ በሱቅ መደርደሪያ ላይ እንዲቆይ አደረገው።

በፖላንድ የክራፍት ቢራ፣ ማለትም ነጻ የሆኑ ትንንሽ ጠማቂዎች ከብዛት ይልቅ ለጣዕምና ለዓይነት ቅድሚያ ሰጥተው የሚሠሩት ቢራ፣ ጅማሬው ብዙውን ጊዜ ከ2011 ይቆጠራል። በዚያ ዓመት ፒንታ የተባለው ድርጅት የራሱ ፋብሪካ ሳይኖረው በዛቪየርቼ ከተማ ባለ ፋብሪካ ጋኖችን ተከራይቶ አታክ ህሚየሉ የሚል ስም ያለው፣ በአሜሪካ ሆፕ የተሞላ መራራ ቢራ አወጣ። ሆፕ ለቢራ መራራነትና መዓዛ የሚሰጥ የሐረግ አበባ ሲሆን፣ የዚያ ቢራ ስኬት ለሌሎች በር ስለከፈተ በተከታዮቹ ዓመታት እንደ አርቴዛን፣ አሌብሮቫርና የቭሮጽዋቩ ስቱ ሞስቱቭ ያሉ ብዙ አዳዲስ ስሞች ወደ ገበያው ገቡ። የመጀመሪያው ማዕበል ትኩረት ከአሜሪካ የመጣው አዲስ ነገር ቢሆንም፣ ብዙም ሳይቆይ ጠማቂዎቹ ፊታቸውን ወደ ቤታቸው መለሱ፤ እዚያም ያገኙት ለዘመናት ሳይቋረጥ የቆየውን ፖርተር ነበር። ፒንታ ኢምፔራቶር ባውቲትስኪ በሚል ስም ከተለመደው የከበደ ፖርተር ሲያወጣ፣ በኦልሽቲን የሚገኘው ኮርሞራን ቫርሚንስኪ ፖርተርን፣ በሚዎስዋቭ የሚገኘውና ከ1889 ጀምሮ ያለው ፎርቱና ደግሞ ኮሜስ ፖርተርን ታዋቂ አደረጉ። ከ2016 ወዲህም በየዓመቱ የጥር፣ ማለትም የጃንዋሪ ወር ሦስተኛ ቅዳሜ የባልቲክ ፖርተር በዓል ሆኖ ይከበራል፤ በዚያ ቀን ጠማቂዎች አዲስ ምርት ያወጣሉ፣ ጠጪዎችም ለዓመታት ያስቀመጡትን ጠርሙስ ይከፍታሉ።

ብርታት ከየት ይመጣል?

በፖላንድ የቢራ ጠርሙስ ላይ ከአልኮሉ መጠን አጠገብ ኤክስትራክት የሚል ሌላ ቁጥር ይገኛል። ይህ ቁጥር እርሾ ከመጨመሩ በፊት በጣፋጩ የብቅል ውሃ ውስጥ ከክብደቱ ስንት እጅ ከእህሉ የወጣ ስኳርና ሌላ ሟሚ ነገር እንደሆነ የሚገልጽ ነው። መለኪያውን በ19ኛው መቶ ዘመን የቀመረው የፕራጉ የኬሚስትሪ ምሁር ካርል ባሊንግ ሲሆን፣ በኋላ ጀርመናዊው ፍሪትስ ፕላቶ ስላሻሻለው ዛሬ በአብዛኛው ዓለም በፕላቶ ስም ይጠራል፤ በቤታቸው የሚጠምቁ ፖላንዳውያን ግን እስካሁን ባሊንግ ማለትን አልተዉም። ተራው የፖላንድ ላገር 12 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ የዢቭየጽ ፖርተር 22 ዲግሪ ነው፤ ይህም ማለት በ100 ግራም የብቅል ውሃ ውስጥ 22 ግራም ያህሉ ከእህል የተገኘ ነው ማለት ነው። በፖላንድ የቢራ ኤክሳይዝ ታክስ የሚሰላውም በዚሁ ዲግሪ ስለሆነ፣ የብርቱ ቢራ ጠማቂ ለእህሉ ብቻ ሳይሆን ለግብሩም ከሌላው አብልጦ ይከፍላል።

ከዚህ ስኳር የሚበዛውን እርሾው ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ በዢቭየጽ ፖርተር ይህ ለውጥ 9.5 በመቶ አልኮል ያስገኛል። እርሾው ሊበላው ያልቻለው ቀሪው ክፍል ደግሞ ለቢራው ውፍረትንና ጣፋጭነትን ይሰጠዋል፤ ቀማሾች አካል የሚሉት ይህንን በምላስ ላይ የሚሰማ ክብደት ነው።

ቀለሙና የጣዕሙ ዋና ክፍል የሚመጣው ከብቅሉ አቆላል ነው። የጠላ ጠማቂ ገብሱን አሻሮ ስታደርገው የአቆላሉ ልክ የጠላውን ቀለምና ጣዕም እንደሚወስን ሁሉ፣ በፖርተርም ብቅሉ ምን ያህል እንደተቆላ መጠጡ የዳቦ ቅርፊት፣ የካራሜል፣ የቸኮሌት ወይም የቡና መዓዛ ይኑረው የሚለውን ይወስናል። በሙቀት ጊዜ የእህሉ ስኳርና ፕሮቲን እርስ በርስ እየተዋሐዱ አዳዲስ የቀለምና የመዓዛ ውሁዶችን ይፈጥራሉ፤ ሂደቱም ባጠናው ፈረንሳዊ ኬሚስት ስም የማያር ውሕደት ይባላል። ባልቲክ ፖርተር በብዛት የሚሠራው ሙኒክ ከሚባለው መጠነኛ ሙቀት ካገኘ ብቅል ሲሆን፣ በዚያ ላይ የካራሜል ብቅልና ጥቂት ድፍን ጥቁር ብቅል ይጨመርበታል፤ የኋለኛው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1817 እንግሊዛዊው ዳንኤል ዊለር የፈጠራ መብት ባወጣበት የሚሽከረከር መቁያ የተገኘ ነው። ኢምፔሪያል ስታውት ግን ከዚህ ጥቁር ብቅል ወይም ብቅል ሳይሆን ከተቆላ ገብስ እጅግ የበዛ መጠን ስለሚወስድ፣ ጣዕሙ ወደ መራራ ቡናና ወደ ጥቁር ቸኮሌት ያዘነብላል።

ሁለቱን ዘመዳሞች የሚለያቸው ሌላው ነገር እርሾው ነው። የስታውት እርሾ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ቶሎ ቶሎ እየሠራ ኤስተር የሚባሉ የፍራፍሬ ሽታ ያላቸው ውሁዶችን በብዛት ይለቃል። የባልቲክ ፖርተር እርሾ በአንጻሩ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ በዝግታ ስለሚሠራ፣ የራሱን ሽታ ጥቂት ብቻ ጨምሮ መድረኩን ለብቅሉ ይተዋል። ዋናው መብላላት ካበቃ በኋላም ቢራው ወደ ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቀመጣል፤ በዚህ ጊዜ እርሾው በመጀመሪያ የለቀቃቸውን ደስ የማይሉ ውሁዶች መልሶ ይበላል፣ የአልኮሉ ስለትም ይለዝባል። ብዙ ስኳር ያለበት ውሃ ለእርሾ አስጨናቂ ቦታ በመሆኑ፣ ጠማቂው እርሾውን በብዛት ካልጨመረ ወይም በቂ ጊዜ ካልሰጠው ውጤቱ ጉሮሮ የሚያቃጥል ሻካራ አልኮልና ያልተበላ ስኳር የሞላበት ድልህ መሰል መጠጥ ይሆናል። ጥሩ ባልቲክ ፖርተር የሚታወቀውም 9 በመቶ አልኮል ይዞ ሳለ አልኮሉን በመሰወሩ ነው።

ፕሪም፣ በርሜልና ብርድ

የፖላንድ ክራፍት ጠማቂዎች በዚህ መሠረት ላይ የራሳቸውን ጨምረዋል። ከሁሉ ይልቅ ከአገሩ መሬት ጋር የተሳሰረው የኮርሞራን ኢምፔሪዩም ፕሩኑም ሲሆን፣ 11 በመቶ አልኮል ባለው በዚህ ፖርተር ውስጥ ሱስካ ሴህሎንስካ የሚባል የደረቀ ፕሪም ይገባበታል። ይህ ፕሪም በደቡብ ፖላንድ መንደሮች ውስጥ በእንጨት ጢስ ለቀናት እየታጠነ የሚደርቅ፣ ከ2010 ጀምሮም ስሙ በአውሮፓ ኅብረት የአካባቢ ምርት ሕግ የተጠበቀ ነው። ባልቲክ ፖርተር ከብቅሉ ብቻ የደረቀ ፍራፍሬ መዓዛ ስላለው፣ ፕሪሙ እንግዳ ነገር አያመጣበትም፤ ያለውን ያጎላዋል፣ በዚያም ላይ የጢስ ጣዕም ይጨምርለታል።

ሁለተኛው መንገድ ቢራውን ውስኪ በነበረበት የእንጨት በርሜል ውስጥ ለወራት ማቆየት ነው። ለዚህ በብዛት የሚፈለገው ቡርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ በርሜል ሲሆን፣ ምክንያቱም የአገሩ ሕግ ቡርቦን ሁልጊዜ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ እንጨት ዕቃ እንዲቀመጥ ስለሚያዝዝ፣ አንድ ጊዜ ያገለገለው በርሜል ለሌሎች ስለሚሸጥ ነው። ከእንጨቱ የቫኒላና የኮኮናት መዓዛ፣ ከውስኪው ደግሞ ተጨማሪ አልኮልና ሙቀት ወደ ቢራው ይገባል። አደጋውም እዚያው ነው፤ በርሜሉ ካየለ ቀማሹ የሚያገኘው በቢራ የተበረዘ ውስኪ እንጂ ቢራ አይሆንም። ሌሎች ደግሞ ቢራውን በከፊል አቀዝቅዘው በረዶ የሆነውን ውሃ በማውጣት የቀረውን ያጠነክራሉ፤ ቡና፣ የአጃ ብቅልና የኮኮዋ ፍሬ የሚጨምሩም ብዙዎች ናቸው። ኢምፔሪያል ስታውትን በተመለከተም፣ የቀድሞው ሙሉ ስሙ ሩሲያዊ የሚል ቃል የነበረበት በመሆኑ፣ ከየካቲት 2022 የዩክሬን ወረራ በኋላ ብዙ የፖላንድ ጠማቂዎች ይህንን ቃል ከጠርሙሶቻቸው ላይ አንሥተዋል።

የቅምሻው አካሄድ

ለቅምሻ ከአራት ወይም ከአምስት የማይበልጡ ቢራዎችን መርጦ ከእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ያህል መቅዳት በቂ ነው። ተራው የሚወሰነው በኤክስትራክቱና በተጨመረው ነገር ነው፤ ቀለል ያለው መጀመሪያ፣ የከበደው ቀጥሎ፣ ጢስ ያለበትና በበርሜል የቆየው ደግሞ መጨረሻ ይመጣል፤ ምክንያቱም ከእነርሱ በኋላ የሚቀርብ ረቂቅ ቢራ ጣዕም የሌለው ይመስላል። በመካከል ተራ ውሃና ጨው ያልበዛበት ዳቦ አፍን ያጠራሉ። ቅመም የበዛበት ምግብ፣ ሽቶና የሲጋራ ጢስ ከቅምሻው ክፍል መራቅ አለባቸው።

ሙቀቱ ከሁሉም በላይ ይወስናል። ከማቀዝቀዣ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ወጥቶ ወዲያው የሚቀዳ ፖርተር መዓዛው ታፍኖ መራራነቱ ብቻ ጎልቶ ይሰማል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ቀደም ብሎ ወጥቶ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ እስኪደርስ መቆየት አለበት። ብርጭቆውም ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ እግር ያለው ቢሆን መዓዛውን ይሰበስባል፤ በመዳፍ ሲያዝም ቢራው ቀስ በቀስ እንዲሞቅ ያስችላል። ጠንቃቃ ቀማሽ ብርጭቆውን በአንድ ጊዜ አይጨርስም፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚገለጠውን አዲስ መዓዛ ለመያዝ ሩብ ሰዓት ያህል ልዩነት እየሰጠ ይመለስበታል።

የመጀመሪያው ምርመራ በዓይን ነው። ባልቲክ ፖርተር ከሩቅ ጥቁር ቢመስልም ወደ ብርሃን ሲያዝ ጠርዙ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ያስተላልፋል፤ ኢምፔሪያል ስታውት ግን ብርሃን የማያሳልፍ ድፍን ጥቁር ነው። አረፋው ቡናማ መሆን አለበት፤ ቶሎ መጥፋቱ ግን ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም፣ ምክንያቱም ከፍተኛ አልኮል አረፋን ያዳክማል። ቀጥሎ ብርጭቆውን በዝግታ አዙሮ አጠር ባሉ ትንፋሾች ማሽተት ይገባል። በባልቲክ ፖርተር ውስጥ የሚጠበቀው የተጋገረ ዳቦ ቅርፊት፣ የካራሜል፣ የሞላሰስ፣ የዘቢብና የደረቀ ፕሪም፣ ከበስተኋላም ለስላሳ የቸኮሌት መዓዛ ነው፤ የቡና ወይም የአመድ ሽታ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ ጠማቂው ጥቁሩን ብቅል አብዝቷል ወይም ቢራው በእውነት ወደ ስታውት የሚያደላ ነው ማለት ነው።

ሲጎነጩት ቢራው መላውን አፍ እንዲያዳርስ ለአፍታ መያዝ፣ ከዚያም ከዋጡ በኋላ በአፍንጫ መተንፈስ ያስፈልጋል፤ ጣዕም ከምንለው ነገር የሚበዛው ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ስለሆነ፣ ወይን ቀማሾች እንደሚያደርጉት የቀመሱትን መትፋት በቢራ ቅምሻ ብዙም አይለመድም። እዚህ ላይ ቀማሹ ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፤ ጣፋጭነቱ ከመራራነቱ ጋር ተመጣጥኗል ወይ፣ አካሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ከአፍ ቶሎ ይጠራል ወይስ እንደ ሽሮፕ ይጣበቃል፣ አልኮሉስ ደረትን በልኩ የሚያሞቅ ነው ወይስ የሚያቃጥል። በመጨረሻም ከተዋጠ በኋላ የሚቀረው ጣዕም ይታያል፤ ጥሩ ፖርተር ለረጅም ጊዜ የሚቆይ፣ በመጨረሻም ወደ ደረቅነት የሚያዘነብል ጣዕም ይተዋል።

ከምግብም ጋር ይህ ቢራ ጓደኞቹን ያውቃል። በቶሩን ከተማ የሚታወቀው በማርና በቅመም የሚጋገረው ፒየርኒክ የተባለ ኬክ፣ ኦስትሲፔክ የሚባለው በጢስ የታጠነ የተራራ በጎች አይብ፣ የተጠበሰ ዝይና ጥቁር ቸኮሌት የቢራውን ጣፋጭነትና የተቆላ ጣዕም የሚያነሡ ናቸው፤ ቀለል ያለ ዓሣ ወይም ሰላጣ ግን በክብደቱ ይዋጣል።

እርጅናና ብልሽት

ተራ ቢራ ሲያረጅ ይሞታል፤ ብርቱው ጥቁር ቢራ ሲያረጅ ይለወጣል። ከፍተኛው አልኮልና ከተቆላው ብቅል የመጡት ውሁዶች ኦክሲጅን የሚያደርሰውን ጉዳት ስለሚያዘገዩትና መልኩንም ስለሚለውጡት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቡናው መዓዛ ደብዝዞ በምትኩ የዘቢብ፣ የበለስና ሼሪ የሚባለው የስፔን ወይን መዓዛ ይወጣል፤ አልኮሉም ይለዝባል። ይህንን ለማየት ቀማሾች የአንድን ፋብሪካ አንድ ዓይነት ቢራ ከተለያዩ ዓመታት ምርት ጎን ለጎን ያሰልፋሉ፤ ከጥር በዓሉ ዝግጅቶች ሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠውም ይህ ዓይነቱ ንጽጽር ነው። ለማስቀመጥ ጨለማ፣ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ አካባቢ የማይለዋወጥ ሙቀት፣ ጠርሙሱንም በቁሙ ማቆም ያስፈልጋል።

እርጅናን ከብልሽት መለየት ግን የቀማሹ ዋና ፈተና ነው። የረጠበ ካርቶን ሽታ ኦክሲጅን ከልኩ በላይ እንደገባ፣ የሶያ ሶስ ጣዕም እርጅናው መስመሩን እንዳለፈ፣ የቅቤ ሽታ ደግሞ ዳይአሴቲል የሚባለው ውሁድ እርሾው መልሶ ሳይበላው እንደቀረ ያመለክታሉ፤ የመጨረሻው በተለይ ቢራው ከቀዝቃዛው ጋን ያለጊዜው እንደወጣ የሚናገር ምስክር ነው። ያልታሰበ ኮምጣጣነት ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው፤ የአረንጓዴ ፖም ሽታም ያልተጠናቀቀ መብላላትን ያሳያል። እነዚህን ጉድለቶች ማወቅ ቀማሹን ለመተቸት ብቻ ሳይሆን ለማመስገንም ያበቃዋል፤ ምክንያቱም የእነርሱ አለመኖር የሚመሰክረው የጠማቂውን ጥንቃቄ ነው።

ልክና ዋጋ

9.5 በመቶ አልኮል ያለው የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከ37 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ ይህም በ5 በመቶ ግማሽ ሊትር ቢራ ውስጥ ካለው በእጥፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው። አምስት ባለ 100 ሚሊ ሊትር ናሙናዎች የተቀመሱበት ምሽትም ከዚሁ መጠን ጋር ተቀራራቢ ነው። በፖላንድ አልኮል መሸጥ የሚፈቀደው 18 ዓመት ለሞላው ሲሆን፣ ለአሽከርካሪ የተፈቀደው የደም አልኮል ከ0.2 ግራም በሊትር በታች ስለሆነ፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ቅምሻ በኋላ መሪ መያዝ አይታሰብም።

ዋጋውም ከተራው ቢራ ብዙ እጥፍ የሚሆንበት ምክንያት አሁን ግልጽ ነው። እህሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ግብሩም በዲግሪው ልክ ይጨምራል፤ ትንሹን ጠማቂ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን ጋኑ ነው። ለአንድ ፖርተር ለወራት የተያዘ ጋን በዚያው ጊዜ ብዙ ዙር ቀላል ቢራ ሊያወጣ፣ ገንዘቡም ቶሎ ሊመለስ ይችል ነበር። ስለዚህ ገዢው ከሚከፍለው ዋጋ ትልቁ ድርሻ ለአልኮሉ ሳይሆን ጠማቂው ላለመቸኮል ለወሰነው ውሳኔ የሚከፈል ነው፤ ያንን የወራት ሥራ በሁለት ጉንጭ የሚያወራርድ ጠጪ ከከፈለበት ነገር የሚያገኘው ስካሩን ብቻ ነው።